ቲቸር ዱጋሳ ልጄን ያገኙባት ነጥብ

ቲቸር ዱጋሳ ማረፋቸውን የሰማሁት ሐሙስ ጠዋት ከዕድር ለፋፊው ነው። ለፋፊው ስማቸውን ከነአባታቸው ሲጠራ ወዲያው አልገባኝም። ነቀምቴ ውስጥ እንደዚያ ብሎ የሚጠራቸው ሰው አልነበረም። ለተማሪው ቲቸር ዱጋሳ ናቸው፤ ለከተማው ደግሞ ጥላ ለካኪው። ሰውዬው ራሱ ይህን ሳያውቅ አልቀረም፣ ትንሽ ቆይቶ "መምህሩ፣ ጥላ ለካኪው" ብሎ ጨመረበት። በእጄ የያዝኩትን ሳህን አስቀመጥኩና ቁጭ አልኩ።

ሰማንያ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ቀርቶኛል። ብዙ ሰው ቀብሬአለሁ። የእሳቸው ግን ለእኔ ሌላ ነው። ልጄ ጠፍቶብኝ በነበረ ጊዜ፣ ያለበትን ቦታ ከእግዚአብሔር ቀጥሎ ያወቁት እሳቸው ነበሩ።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ስሄድ ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ወደ ጓዳ ጠሩኝና በጋዜጣ የተጠቀለለ ደብተር ሰጡኝ።

"ለሃዳ ቶለሳ ስጫት ብሎኝ ነበር" አሉ።

ሃዳ ቶለሳ የቶለሳ እናት ማለት ነው። ቲቸር ሁልጊዜ የሚጠሩኝ በዚያ ነበር። ጋዜጣው ጥግ ላይ ተቀዶ የደብተሩ ሰማያዊ ሽፋን ስለሚታይ ምን እንደሆነ አወቅሁ። ለቅሶ ቤት ልከፍተው ግን አልፈለግሁም። በነጠላዬ ሸፍኜ ወደ ቤቴ ይዤው ሄድኩ።

በደርግ ጊዜ ነው ነገሩ። ባሌ ከሞተ በኋላ የስፌት መኪናዬን ከድር ሱቅ በረንዳ ላይ አውጥቼ ልብስ እሰፋ ነበር። ከድር ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ የተቀመጠ ነጋዴ ነው። ኦሮምኛውን ከእኛ አሳምሮ ይናገራል፤ ሲያሾፍ ግን በአማርኛ ነው። ሱቁ ውስጥ ትልቅ ሬዲዮ ነበረው። መንገደኛው ሁሉ ሰዓቱን የሚያስተካክለው በዚያ ሬዲዮ ነበር። ቲቸር ዱጋሳም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እዚያ በረንዳ ላይ ቆመው አንድ ብርጭቆ ሻይ ይጠጣሉ።

ረጅምና ቀጭን ሰው ነበሩ። ኮታቸው ላይ የጠመኔ ብናኝ አይጠፋም። ጂኦግራፊ ነበር የሚያስተምሩት። ካርታ ሊከፍቱ ሲሉ መጀመሪያ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። እኛ ባርኔጣ ሲወለቅ ያየነው ለጸሎት ስለሆነ አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

"ሰው አለበት እኮ፣ ሃዳ ቶለሳ" አሉኝ። "ካርታ ባዶ ወረቀት አይደለም። ሰው ቤት ስገባ አላወልቅም እንዴ?"

በትምህርት ቤቱ ሜዳ መካከል አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ተክለዋል። በየቀኑ እኩለ ቀን ሲሆን ተማሪዎቹን ይዘው ወጥተው የእንጨቱን ጥላ ይለካሉ። በመንገድ የሚያልፈው ሰው ይስቅባቸዋል። "ቲቸር፣ ዛሬ ስንት ክንድ ሆነ?" ይላቸዋል። እሳቸው ቀልድ መሆኑን እያወቁ እውነተኛውን ቁጥር ይነግሩታል። ልጄ ቶለሳ ጥላ ከሚለኩት ተማሪዎች አንዱ ነበር። በሚያዝያ አንድ ቀን እየሮጠ መጥቶ "እማዬ፣ ዛሬ እንጨቱ ጥላ አልነበረውም!" ያለኝ ትዝ ይለኛል። ፀሐይዋ በቀጥታ አናት ላይ ስትሆን እንደዚያ ይሆናል ብለው አስተምረዋቸዋል። ለነቀምቴ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ በሚያዝያ፣ አንዴ በነሐሴ ማብቂያ።

ሒሳብ ሲሳሳቱ የሚሉት ነገር ነበራቸው። ሰሌዳውን በኮታቸው እጅጌ ያጠፉና ወደ ተማሪው ዞረው "ፀሐይዋ ልክ ናት፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" ይላሉ። በዚያ ዘመን ተሳሳትኩ የሚል ትልቅ ሰው ብዙ አልነበረም። ልጆቹ ግን መቀለጃ አድርገውት ነበር። ቶለሳ ብርጭቆ የሰበረ ቀን ፊቴን አይቶ "ብርጭቆው ልክ ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" አለኝ። ልቆጣው አልቻልኩም።

የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ ሲመጣ ቶለሳ ሄደ። ታኅሣሥ ነበር። የአባቱን የእጅ ሰዓት አሰርኩለት፤ መኪናው ላይ ሲወጣ ያንኑ እጁን አውለበለበልኝ። ከሥልጠና በኋላ ወሬው ጠፋ። ሚያዝያ አለፈ፣ ክረምቱ አለፈ። በሱቁ በረንዳ የሚያልፈው ሰው ሁሉ "ወደ ሰሜን ነው የሚወስዷቸው" ይላል። በሰሜን ጦርነት ነበር። ከዚያ የሚመጣው ወሬ ምን ዓይነት እንደነበር የዚያ ጊዜ እናቶች እናውቀዋለን፤ ደግሜ አልጽፈውም።

ጸሎት ቤታችን በዚያን ጊዜ ታሽጎ ስለነበር በየቤቱ ሦስትም አራትም እየሆንን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር የምንጸልየው። ስለ ቶለሳ ስጸልይ ቃል ያጥረኝ ነበር። "ጌታ ሆይ፣ ያለበትን ታውቃለህ" እልና ዝም እላለሁ። እሱ ማወቁን አልተጠራጠርኩም። ግን እናት ነኝ፤ እኔም ማወቅ ፈለግሁ።

ደብዳቤው የመጣው በጥቅምት ነው። የቦታ ስም የተጻፈበት ሁሉ በጥቁር ቀለም ተሰርዟል። የተረፈውን እስከ ዛሬ በቃሌ እወጣዋለሁ።

"እኔ ደህና ነኝ። እዚህ በጣም ይሞቃል። አሸዋና ድንጋይ ነው፣ ዛፍ የለም። ከእኛ በፊት የነበሩት ወታደሮች ከዚህ ጠዋት ወጥቶ ሦስት አገር ረግጦ ለምሳ መመለስ ይቻላል እያሉ ይቀልዳሉ። ለቲቸር ዱጋሳ ሰላም በይልኝ። በእንቁጣጣሽ ዕለት ልክ በስድስት ሰዓት ጥላ አልነበረኝም በያቸው።"

መጨረሻውን ሳነብ ሙቀቱ አእምሮውን የነካው መሰለኝ። ለማንም ሳልናገር ቲቸር ለሻይ እስኪመጡ ጠበቅሁ። ደብዳቤውን ተቀብለው አነበቡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከድር የሚያስቀምጠው የስኳር ጆንያ ላይ ተቀመጡና ለብቻቸው ሳቁ።

"ሃዳ ቶለሳ" አሉኝ ድምፃቸውን ቀንሰው፣ "ይኼ ልጅ የት እንዳለ ነግሮናል።"

"ስሙ ተሰርዟል እኮ፣ ቲቸር።"

"ስሙን ተይው። ፀሐይዋን አልሰረዟትም።"

ከዚያ በጣታቸው የበረንዳው አቧራ ላይ እየሠሩ አስረዱኝ። ፀሐይ በነሐሴ በእኛ ላይ አልፋ ወደ ደቡብ ትወርዳለች። ሰሜን ላለ ሰው አናቱ ላይ የምትቆመው ነሐሴ ሲጀምር ነው። ለእኛ ነሐሴ ሲያልቅ ነው። በእንቁጣጣሽ ጥላ የሚጠፋበት ሰው ካለ ያ ሰው ከእኛ ብዙ ወደ ታች፣ የአገሩ ደቡብ ጫፍ ላይ ነው።

"ሰሜን አይደለም?" አልኩ።

"በምንም ዓይነት ሰሜን አይደለም።"

እየሰፋሁት የነበረው የሰው ሱሪ ነበር። በእሱ ዓይኔን ጠረግሁ።

በማግስቱ ከትምህርት በኋላ ክፍላቸው ጠሩኝና የግድግዳውን ካርታ አሳዩኝ። አገራችን ከሁለት ጎረቤት ጋር በአንድ ነጥብ የምትገናኝባቸው ቦታዎች ያኔ ሦስት ነበሩ። አንዱ ከጅቡቲና ከሶማሊያ ጋር ነው፤ እሱ ከነቀምቴም ወደ ላይ ስለሆነ ወደቀ። ሁለቱ ደቡብ ናቸው። አንደኛው በምሥራቅ ጫፍ፣ ከኬንያና ከሶማሊያ ጋር፤ ሌላው በምዕራብ ጫፍ አንድ ትልቅ ሐይቅ አጠገብ፣ ከኬንያና ከሱዳን ጋር። ሁለቱም በረሃ ናቸው። ሁለቱም በአንድ መስመር ላይ ናቸው ለማለት ይቻላል፤ በመካከላቸው ግን የአገሩ ግማሽ አለ።

"በየትኛው ነው?" አልኳቸው።

ጣታቸውን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው አመላለሱ። እንዲህ ሲዘገዩ አይቻቸው አላውቅም።

"ልክ ስድስት ሰዓት ብሏል። እኛ ጋ ጥላ የሚያጥረው ስድስት ተኩል ላይ ነው። ፀሐይ ወደ ምሥራቅ ሰው ቀድማ ነው የምትደርሰው። ልክ በስድስት ከደረሰችበት..." ጣታቸውን ምሥራቁ ጫፍ ላይ አኖሩ። "ልደብቅሽ አልችልም፣ ሃዳ ቶለሳ።"

ያ የሶማሊያ ድንበር ያኔ ሰላም አልነበረውም። ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አመሰገንኳቸውና ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሰባት ቀን ጾምኩ።

በእነዚያ ቀናት በረንዳው ላይ አንገቴን ደፍቼ እሰፋ ነበር። አንድ ቀን ከድር ቲቸርን ሲቆጣቸው ሰማሁ።

"ጋሼ ዱጋሳ፣ ጥላ ለክተው ሴትዮዋን አሳመሟት! ባይነግሯት ምን ነበረበት?"

"ጠይቃኝ ነው፣ ከድር።"

"እኔም ስኳር መቼ ይመጣል ተብዬ በየቀኑ እጠየቃለሁ። እውነቱን እናገራለሁ እንዴ?"

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ከጉቶ ጊዳ ገጠር አንድ ገበሬ ሱሪ ሊያስጠግን መጣ። ከድር ሬዲዮኑን ከፍቶ ነበር። ሰዓቱ ሲነገር ሰውዬው የእጅ ሰዓቱን አየና ራሱን ነቀነቀ።

"ሬዲዮናችሁ በሃያ ደቂቃ ይቸኩላል" አለ።

"አባ፣ መንግሥት ነው እኮ የሚናገረው!" አለ ከድር።

"መንግሥት አዲስ አበባ ነው ያለው። እኔ ቤት ፀሐይ ስትወጣ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። በየቀኑ እዚያ ላይ ነው የማደርገው።"

ሁሉም ሳቁ። እኔ ከመኪናዬ ቀና ሳልል "ቶለሳም እንደዚሁ ነው፤ ከአባቱ ነው የወረሰው" አልኩ። የባሌ ቤተሰቦች ገጠር ስለነበሩ ሰዓት ሲገዙም ልማዳቸውን አልተዉም። ጠዋት ፀሐይዋ ከኮረብታው ብቅ ስትል ዘንጎቹን አሥራ ሁለት ላይ ያደርጓቸዋል። ባሌ ከተማ ገብቶም እንደዚያ ነበር። ልጁም አባቱ ሲያደርግ አይቶ አደገ።

ቲቸር ዱጋሳ ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት ሻይ ይጠጡ ነበር። ብርጭቆውን በቁማቸው ያዙት።

"ምን አልሽ?"

"ፀሐይ ስትወጣ አሥራ ሁለት ያደርገዋል።"

"ቶለሳ? ሰዓቱን በሬዲዮ አያስተካክልም?"

"አስተካክሎ አያውቅም።"

"ይኼን ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልጠየቁኝም።"

ከድር ሳቁን መያዝ አልቻለም። ቲቸር ግን አልሳቁም። ብርጭቆውን አስቀመጡ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ። በረንዳው ሞልቶ ነበር፤ ገበሬው አለ፣ ስኳር ሊጠይቁ የመጡ ሰዎች አሉ፣ ሁለት ተማሪዎቻቸውም አሉ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወደ እኔ ዞሩ።

"ፀሐይዋ ልክ ናት፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ሰዓቱን በፀሐይ መውጫ የሚያስተካክል ሰው የትም ይሁን የት እኩለ ቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። ምሥራቅም ቢሆን ስድስት፣ ምዕራብም ቢሆን ስድስት። አንቺን ሳልጠይቅ ደመደምኩ። የሰባት ቀን ጾምሽ በእኔ ነው። ይቅር በይኝ።"

"ጾም አይጎዳም" አልኩ። በማግስቱ ጠዋት ግን ቁርስ በላሁ።

ከሁለቱ በየትኛው ጫፍ እንዳለ አሁንም አላወቅንም ማለት ነው። ማወቂያው መንገድ ግን በቲቸር ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ ነበር። በዚያው ሳምንት በእሳቸው ምክር ለቶለሳ ጻፍኩ። ሰዓትህን እንደ አባትህ ሳይሆን በሬዲዮ አስተካክል፣ አንድ ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ሰዓቱን እይ፣ ቀኑንና ደቂቃውን ጻፍልኝ አልኩት።

"ሳንሱር የሚያደርገው ሰውዬ እናትየዋ አብዳለች ይላል" አለ ከድር።

"ይበል" አልኩ።

ሐሳባቸው ይህ ነበር። ምሥራቅ ላለ ሰው ፀሐይ ከእኛ ቀድማ ትጠልቃለች። ቶለሳ ምሥራቅ ከሆነ ከነቀምቴ ሩብ ሰዓት ያህል ቀድማ ትጠልቅበታለች፤ በሐይቁ በኩል ከሆነ አትቀድምም። ግን ቶለሳ የትኛውን ቀን እንደሚጽፍ ማን ያውቃል? ስለዚህ ቲቸር ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ገዝተው፣ ከኅዳር ጀምሮ በየማታው ከሱቁ በላይ ካለው ዳገት ላይ ቆመው ፀሐይ የጠለቀችበትን ደቂቃ ይጽፉ ጀመር። ሰዓታቸውን በከድር ሬዲዮ ያስተካክላሉ፣ ዳገቱን ይወጣሉ፣ ጽፈው ይመለሳሉ። ደመና ከሆነ ደመና ብለው ይጽፋሉ። አንድ ቀን አይቀሩም።

"ጋሼ፣ ትናንትም ጠልቃለች፣ ነገም ትጠልቃለች። ምኑ ይጻፋል?" ይላቸዋል ከድር።

"ትናንት በስንት ሰዓት ጠለቀች?"

"ማታ!"

"ለዚህ ነው የምጽፈው።"

በጥር አንድ ማታ ከዳገቱ ሲወርዱ አብዮት ጥበቃዎች ጠብቀው ወሰዷቸው። በየቀኑ ከፍታ ላይ ወጥቶ ሰዓት እያየ የሚጽፍ ሰው ለማን ምልክት ይሰጣል ተብሎ ተጠቁሞባቸው ነበር። ሁለት ቀን ቀበሌ ታሰሩ። እኔ መኪናዬ ላይ ተቀምጬ አንድ መስመር መስፋት አልቻልኩም። ነገሩ የመጣው በእኔ ደብዳቤ ነው። ወታደር ያለበትን ቦታ በካርታ መፈለግ በዚያ ጊዜ ምን ሊባል እንደሚችል ይገባኛል። ሄጄ ልናገር ስነሳ አዴ ጫልቱ መጥተው ክንዴን ያዙ።

"ሃዳ ቶለሳ ምንም አታውቅም፣ እንደዚያ በያት ብሎኛል። እንዳትነሺ" አሉኝ።

ምርመራውን በኋላ የነገረን ከጠባቂዎቹ አንዱ ነው። የድሮ ተማሪያቸው ነበር።

"ምንድን ነው የምትጽፈው?" አላቸው ሊቀመንበሩ።

"ፀሐይ የጠለቀችበትን ሰዓት፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ለምን?"

"ስለጠለቀች።"

"ማን ነው ያዘዘህ?"

"ጂኦግራፊ።"

"ጂኦግራፊ ማነው? ስሙን ከነአባቱ ተናገር!" ሲል ጠባቂው ተማሪ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሊቀመንበሩ በመጨረሻ ደብተሩን ወስዶ አራት ገጽ ሙሉ የፀሐይ መጥለቂያ አነበበ። ከዚያ ዘግቶ "ይኼ ሰው ጤና የለውም፣ ልቀቁት" አለ።

በተፈቱበት ማታ ዳገቱ ላይ ነበሩ። "አሁን ጥሩ ሆነልኝ" አሉን። "ጤነኛ ቢጽፍ ይጠየቃል። ጤና የሌለው የፈለገውን ይጽፋል።" ስሜን አልጠሩም ነበር። ለዚህ ላመሰግናቸው ስል እጃቸውን አወዛወዙና ወሬውን ወደ ደመና ለወጡት።

መልሱ በመጋቢት መጣ። ከድር ራሱ ከፖስታ ቤት እየሮጠ አመጣልኝ። "የካቲት ሦስት፣ ፀሐይ የጠለቀችው አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ዘጠኝ ደቂቃ። በሬዲዮ። ቲቸርን በያቸው፣ የሰዓቱን ትምህርት ያስተማሩ ቀን አሞኝ ቀርቼ ነበር" ይላል።

ቲቸር ደብተራቸውን ገልጠው የካቲት ሦስትን በጣታቸው ፈለጉ። ከድር በባንኮኒው ላይ ተንጠራርቶ ያያል።

"አርባ ሁለት" አሉ። "እኛ ጋ በአርባ ሁለት ጠልቃለች። እሱ ጋ በአርባ ዘጠኝ። ከእኛ በኋላ! ሃዳ ቶለሳ፣ ከእኛ በኋላ ነው የጠለቀችው!"

"እንግዲህ ምሥራቅ አይደለም" አለ ከድር። አራት ወር ሲያሾፍ ትምህርቱን ከማናችንም በላይ ይዞት ኖሯል።

"ሐይቁ ጋ ነው" አሉ ቲቸር። "ሙቀት አለ፣ ትንኝ አለ፣ ከብት መዘራረፍ አለ። ጦርነት ግን የለም።"

በማግስቱ መዳፍ የምታክል ቀጭን ወረቀት ይዘው መጡ። ዘይት ቀብተው ብርሃን እንድታሳልፍ አድርገዋታል። የአገሩን ደቡብ ጠርዝና ሐይቁን በእርሳስ ከካርታው ገልብጠውባታል። "መርፌ ስጪኝ" አሉኝ። ከመኪናዬ ሥር ከተሰካው አንዱን ሰጠኋቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ወረቀቷን አንድ ቦታ ላይ ወጉና ወደ ሰማይ ከፍ አድርገው አሳዩኝ። በቀዳዳዋ ብርሃን ገባ።

"ልጅሽ እዚያ ነው።"

ወረቀቷን መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አኖርኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸሎቴ ተለወጠ። ማታ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ከቤቴ ኋላ ወጥቼ ወደ ደቡብ እዞራለሁ። እሱ ጋ ገና ሰባት ደቂቃ ትቆያለች። እነዚያን ሰባት ደቂቃዎች ለእሱ እጸልይባቸው ነበር። ይህን ለቲቸር ስነግራቸው ጥቂት አሰቡና፣ ውሸት ስለማይሆንላቸው፣ ልዩነቱ በየወሩ እንደሚለዋወጥ፣ በክረምትም ጨርሶ እንደሚገለበጥ ነገሩኝ። ፊቴን ሲያዩ ግን "አንቺ በሰባቱ ቀጥዪ፤ ሒሳቡን እግዚአብሔር ያስተካክለዋል" አሉኝ።

ቶለሳ የተመለሰው በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ላይ፣ አንድ ቀን ወደ ማታ ነው። ጠቁሮና ቀጥኖ ከጭነት መኪና ወርዶ በረንዳው ላይ ሲቆም ከድር ነው ቀድሞ ያየው። ጩኸቱን ሰምቶ ሰፈሩ ሁሉ መጣ። ቲቸር ዱጋሳም መጡ። አቅፈው ሳሙትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

"ውኃ ነበረ?"

"ትልቅ ሐይቅ ነበረ፣ ቲቸር።"

"በየት በኩል?"

"በደቡብ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያ ሁሉ ደስታ መካከል ሰዓታቸውን አዩና ሳይሰናበቱን ሹልክ ብለው ወጡ። ጥቂት ቅር ብሎኝ ነበር። ልጄ ፊቴ ቆሞ ስለነበር ወዲያው ረሳሁት።

ከለቅሶ ቤት ደብተሩን ይዤ በገባሁበት ቀን ቶለሳ ከጊምቢ መጥቶ እቤት ነበር። ዛሬ ጊምቢ ጋራዥ አለው፣ ፀጉሩም ሸብቷል። ልጁ ሲፈን ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ስለ ቲቸር ስናወራ ስልኳን አወጣች።

"አኮ፣ ያቺን ወረቀት አምጪያት። እስቲ ምን ያህል እንደሳቱ እንይ" አለችኝ። አያቷን አኮ ነው የምትለኝ።

ወረቀቷ ቢጫ ሆናለች፤ ቀዳዳዋ ግን አለች። ሲፈን ስልኳ ላይ ካርታ ከፈተች። ሦስቱ አገሮች የሚገናኙበትን ፈልጋ አገኘች። ያኔ ሱዳን ይባል የነበረው ዛሬ ደቡብ ሱዳን ተብሎ ተጽፏል። የድንበሩ መስመርም በዚያ በኩል ሙሉ አይደለም፣ ነጠብጣብ ነው።

"ምነው አልጨረሱትም?" አልኳት።

"አልተስማሙም ማለት ነው፣ አኮ።"

ወረቀቷን በስልኩ መስታወት ላይ አነጠፈቻት። በሁለት ጣቷ ካርታውን ስታሰፋና ስታጠብብ የሐይቁ ጫፍ ከቲቸር እርሳስ ጋር ገጠመ፣ ድንበሩም ገጠመ። ከሥር የስልኩ ብርሃን በመርፌዋ ቀዳዳ ወጣ። ቀዳዳዋ ያለችበትን ቦታ በጣቷ ይዛ ወረቀቷን አነሳችና ከሰማይ የተነሳውን ፎቶ አመጣች። ቡኒ መሬት፣ አረንጓዴ የወንዝ አፍ፣ ከዚያ ሰማያዊ።

"ውኃ ውስጥ ነው!" አለች እየሳቀች። "ቲቸራችሁ አባዬን ሐይቅ ውስጥ ከተውት ነበር!"

አላዘንኩም። እሳቸውም ቢኖሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተሳሳትኩ ይሉ ነበር ብዬ አሰብኩ። ቶለሳ ግን መነጽሩን አድርጎ ስልኩን ተቀበላት። ብዙ ጊዜ አየው። ያንን ቦታ ከላይ አይቶት አያውቅም፤ ለወታደር ካርታ አይታይም ነበር።

"ውኃው ያኔ እዚህ አልነበረም" አለ። "ሸሽቶ ነበር። እዚህ ደረቅ መሬት ነበር፣ በእግሬ ሄጄበታለሁ። ሐይቁ ሞልቶ ነው የመጣው።" ጣቱን ወደ ላይ አንሸራትቶ የወንዙ ክርን ላይ አቆመ። "ድንኳናችን እዚህ ነበር። ይቺ ናት ክርኗ።"

ሲፈን በስልኩ ለካችው። ከቀዳዳዋ እስከ አባቷ ጣት አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ሆነ።

"ቀዳዳዋ ራሷ አምስት ትሆናለች" አለ ቶለሳ። "የእናቴ መርፌ ወፍራም ነበር።" ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "ፀሐይዋ ልክ ናት፤ ቲቸርም ልክ ነበሩ። የተንቀሳቀሰው ሐይቁ ነው" አለ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገው።

ደብተሩን የከፈትኩት ከዚያ በኋላ ነው። በሰማያዊው ሽፋን ሥር በቀጭን ጽሕፈት ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ አንዳንዴም ደመና የሚል። በጥር ወር፣ ሁለት መስመሮች ላይ "ከቀበሌ መስኮት፣ በግምት" ይላል። የካቲት ሦስት ተሰምሮበታል። ደብዳቤው በመጣበት በመጋቢት ያበቃል ብዬ ነበር። አላበቃም። ያገኘነውን ካገኘን በኋላም፣ የሚፈለግ ነገር ሳይኖር፣ ሚያዝያን ጽፈዋል፣ ክረምቱን ደመና ደመና እያሉ ጽፈዋል፣ እንቁጣጣሽን፣ ኅዳርን፣ ሌላውን የካቲት። አንድ ዓመት ከመንፈቅ፣ በየማታው።

የመጨረሻው መስመር ግንቦት ላይ ነው። "አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ስድስት። ዛሬ ቶለሳ እዚህ ሆኖ ጠለቀች።"

ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች ባዶ ናቸው። ደብተሩን ዘግቼ "ገለቶማ፣ ቲቸር" ብዬ አመሰገንኳቸው። ወረቀቷንም መልሼ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አኖርኳት።